የታመመ ከብት የማይታይበት ሥራ

በእንስሳት ጤና ደረጃ አራት ጨርሳ ለተግባር ልምምድ እኔ የምሠራበት ቄራ የተመደበች ልጅ ነበረች። እንደ እሷ ያለ እጅ ብዙ አላየሁም። ቢላዋ ስትይዝ አትጣደፍም፣ ያየችውን ሳትመዘግብ አታልፍም። ቅጥር ሲወጣ አመልክቺ አልኳት፤ እሺ ብላ ሄደች፣ በዚያው ቀረች። ስደውልላት እናቷ «ልጄን ያስተማርኳት ሥጋ ቤት ልትቆም ነው?» ብለው ማልቀሳቸውን ነገረችኝ። አሁን የእንስሳት መድኃኒት ቤት ተቀጥራ ኦክሲቴትራሳይክሊን ትሸጣለች። በእናትየዋ አልፈርድም። ውስጤ የቀረው ልጅቷ ራሷ የጨመረችው ነው፦ «ደግሞስ ጋሼ፣ እዚያ የሚታከም ከብት የለም እኮ።»

ይህን ከተማሪም፣ ከመምህርም፣ ከወረዳ ኃላፊም ሰምቼዋለሁ። የእንስሳት ጤና ቴክኒሻን ማለት መርፌ የሚወጋ፣ የሥራ ቦታው ክሊኒክ፣ ሌላ ቦታ የተመደበ ሁሉ ደግሞ የተገፋ ነው። እኔም ቴክኒሻን ነኝ፤ ይህ ስህተት መሆኑን ማስረዳት እየሰለቸኝም አስረዳለሁ።

ቄራ ውስጥ ሥራው የሚጀምረው ከቢላዋው በፊት፣ ማቆያ በረት ውስጥ ነው። ከብቱ ቆሞም ሲራመድም ይታያል። ከመንጋው የተነጠለው፣ ጆሮውን የጣለው፣ የሚያነክሰው ይለያል። ለሀጭ እያዝረበረበ የሚያነክስ ካለ አፍተግር ይጠረጠራልና አብሮት የመጣው ሁሉ ይያዛል። ከሁሉ የከፋው ጠዋት በረት ውስጥ ሞቶ የሚገኘው በሬ ነው። ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ያልረጋ ጥቁር ደም ከወጣ አባ ሰንጋ ነው ብሎ መነሳት ነው፤ በድኑ አይከፈትም። ነጋዴው ገንዘቡ ታይቶት «ቶሎ ይበለት» ይላል፣ አራጁም ቢላዋውን ስሎ ቆሟል። ሐኪሙ እስኪደርስ ማንም እንዳይነካው የሚከለክለው በረቱን የሚጠብቀው ቴክኒሻን ነው። ከተከፈተማ ጀርሙ አየር አግኝቶ ወደ ስፖር ይለወጣል፤ ስፖሩ አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። በዚያ ጠዋት አንድ መርፌ አልተወጋም። ግን ከዚህ የበለጠ ምን ሕክምና አለ?

ከእርድ በኋላ ደግሞ የጉንጭ ሥጋው ይሰነጠቃል፣ ምላስ ይዳሰሳል፣ ልብ ይከፈታል። የሚፈለገው ኮሶ ነው፦ ከአተር ፍሬ የማትበልጥ፣ ውሃ የቋጠረች፣ መሀሏ ላይ ነጭ ነጥብ ያለባት ከረጢት። ጥሬ ሥጋ በበዓልም በአዘቦትም የሚበላበት አገር ላይ ይህችን ከረጢት የሚያይ ዓይን እንዴት ከክሊኒክ ሥራ በታች ይቆጠራል? ሳንባ ላይ የሚገኘው የውሃ ከረጢትም አለ። እሱን ቆርጦ መጣል ብቻውን ሥራ አይደለም፤ አጥር ዘሎ የገባ ውሻ ከበላው በውስጡ ያለው ትል ውሻው ሆድ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣና ወደ ከብትም ወደ ሰውም ይመለሳል። ስለዚህ ጥሩ ቴክኒሻን የቄራውን አጥርና የማስወገጃውን ጉድጓድ ሳይቀር ይከታተላል።

ሥራችን የታመመ ማከም ብቻ አለመሆኑን ታሪካችንም ይናገራል። የክፉ ቀን ዘመን ከብታችንን የፈጀው ደስታ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የሚያድን መድኃኒት ተገኝቶለት አይደለም፤ እስከ መጨረሻው አልተገኘለትም። ያጠፋው ጤነኛ ከብት መከተብና ናሙና ሰብስቦ መመርመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አፋር ውስጥ ሙቀት የሚችለውን ክትባት ይዘው መኪና የማይገባበት ድረስ የሄዱት ከአርብቶ አደሩ መካከል ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። የከተቧቸው ከብቶች የታመሙ አልነበሩም።

ቢሾፍቱ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ክትባት የሚያመርተው ተቋም፣ ሰበታ ያለው የምርመራ ላቦራቶሪ፣ ሚሌ ያለው የቁም እንስሳት ኳራንቲን፣ የወተት ከብት እርባታው፣ የማዳቀያ ጣቢያው፣ ሁሉም የእኛ የሥራ ቦታ ነው። የዶሮ እርባታ ላይ የተቀጠረ ቴክኒሻን የጫጩቱን ቤት ሙቀት፣ የጉዝጓዙን እርጥበት፣ የክትባቱን ማቀዝቀዣ ሲቆጣጠር ይውላል። ፈንግል ከገባ በኋላማ የሚሰጠው መድኃኒት የለም።

ክሊኒክን ማናናቄ አይደለም፤ እኔም የጀመርኩት እዚያ ነው። ግን ክሊኒኩንም ያበላሸው ይኸው አመለካከት ነው። ገበሬው ላሙን ብዙ መንገድ ነድቶ መጥቶ፣ ሙቀቷ ተለክቶ፣ ደሟ በመስታወት ተወስዶ፣ «ገንዲ መሆኑን አይተን እንንገርዎት» ሲባል «ሳትወጋ ልትመልሰኝ ነው?» ይላል። ቴክኒሻኑ ተሸማቆ አንቲባዮቲክ ይወጋል። በገንዲ ላይ አንቲባዮቲክ ምንም አይሠራም። በሬ የሆነ እንደሆነ ደግሞ አልሻል ሲል ለእርድ ይሸጣል፤ መድኃኒቱ ከሥጋው የሚወጣበት ቀን ሳያልፍ እኛ በረት ይደርሳል። ኮሶን በዓይን አያለሁ፤ በሥጋ ውስጥ የቀረ መድኃኒት ግን በዓይን አይታይም፣ ቢላዋም አያወጣውም። ያኔ የሚያስፈልገኝ ላቦራቶሪ የሚሠራ ቴክኒሻን ነው፤ እሱን ነው እንግዲህ «ላቦራቶሪ ተጣለ» የሚሉት።

የሥራ ግምገማ ላይም ያው ነው። ስንት ከብት ታከመ የሚል ዓምድ ሞልቶ አይቻለሁ፤ ስንት ጉበት በትል ተበልቶ ተወገደ፣ ከየትኛው ወረዳስ የመጣ ከብት ነበር የሚል ጥያቄ ግን ከበላይ ቀርቦልኝ አያውቅም። መልሱ መዝገባችን ላይ አለ። የትኛው ረግረጋማ ግጦሽ ላይ የትል መድኃኒት መቼ መሰጠት እንዳለበት ከዚያ በላይ የሚናገር የለም።

ለኮሌጅ መምህራን የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። ተማሪዎቻችሁን ወደ ቄራ ስትልኩ ለጉብኝት አይሁን። ቀን መጥተው የተንጠለጠለ ሥጋ አይተው ከተመለሱ ያዩት ሥጋ ቤት ነው። ሌሊት፣ ከእርዱ በፊት፣ ከብቱ በረት ውስጥ ሳለ ይምጡ፤ የተጠረጠረውን ራሳቸው ይለዩ፣ ለምን እንደለዩት ይጻፉ፣ ከእርድ በኋላ ውስጡን ከፍተው ከጻፉት ጋር ያስተያዩ። መምህሩም አብሯቸው ይቁም፤ ቡትና ጋዋን እኛ ጋ አለ።