የወባ አርዲቲ፦ መስመሯ የምትለውና የማትለው

ኬንያ፣ ማርሳቢት ካውንቲ ባለው ጎልቦ ቆላ ዝናብ ከጣለ በኋላ ትኩሳት ሁሉ ወባ ነው። ራስ ምታቱም፣ ቁርጥማቱም፣ የልጅ ተቅማጥም ሳይቀር ወባ ይባልና ሰው ወደ መድኃኒት መደብር ይሮጣል። ይህን የግምት ሕክምና የምታስቆም ዕቃ አለች፤ መዳፍ ውስጥ የምትገባ፣ የጤና ባለሙያዎች «አርዲቲ» የሚሏት የወባ መመርመሪያ የፕላስቲክ ካሴት። መብራትም ማይክሮስኮፕም አትፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 «ሳይመረመር አይታከም» ብሎ ሲወስን፣ ጤና ኬላ ላይ ይህን የሚቻል ያደረገችው እሷ ናት። ምስጋናዋን ግን እስካሁን አላገኘችም።

አሠራሯን ብዙ ሰው አይቶታል። ጣት ይበጣል፤ የአንድ ሚሊ ሊትር 1/200ኛ የምታህል ደም ትንጠባጠባለች፤ ፈሳሹ ይጨመራል፤ እንደ ካሴቱ ዓይነት 15 ወይም 20 ደቂቃ ይጠበቃል። በነገራችን ላይ፣ በአብዛኞቹ ካሴቶች ላይ የምትታየው ቀይ መስመር ወርቅ ናት። ወርቅ እጅግ ሲደቅ ቢጫነቱ ጠፍቶ ይቀላል፤ የወባን ፕሮቲን የሚይዘው አንቲቦዲ ያንን ደቃቅ ወርቅ ተሸክሞ ይጓዛል።

እዚህ ላይ ነው ሰው ሁሉ የሚሳሳተው። ካሴቷ የምትፈልገው የወባውን ጥገኛ ተሕዋስ ሳይሆን ጥገኛው ደም ውስጥ የሚረጨውን ፕሮቲን ነው። ፋልሲፓረም ለሚባለው የወባ ዓይነት በብዛት የሚፈለገው ኤችአርፒ-2 የሚባለው ሲሆን፣ ይህ ፕሮቲን የእሳቱን መጥፋት እንደማያውቅ ጭስ ነው። ጥገኛው በመድኃኒት ካለቀ በኋላም ለሳምንታት ደም ውስጥ ይቆያል።

ሞያሌ ላይ ያገኘሁት አንድ የጭነት መኪና ረዳት ኮአርተም የሚባለውን የወባ መድኃኒት በሥርዓት ጨርሶ ድኗል። ግን «መዳኔን ላረጋግጥ» ብሎ በሌላ ካሴት ተመረመረ፤ መስመሯ ቁልጭ ብላ ወጣች። ሁለተኛ ዙር መድኃኒት ገዝቶ ሊጀምር ሲል ነው የተገናኘነው።

«ወንድሜ፣ አሁን ያተኩስሃል?» አልኩት።

«ኧረ የለም፣ ደህና ነኝ። መስመሯ ግን አለች እኮ!»

መስመሯ ያለፈውን ወባ ነበር የምታወራው። መዳንን ለማረጋገጥ ኤችአርፒ-2 ካሴት አይሆንም፤ ትኩሳቱ ከተመለሰ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ስላይድ ነው የሚያስፈልገው። ኤልዲኤች የሚባለውን ሌላውን ፕሮቲን የሚፈልጉ ካሴቶች ግን በዚህ ይሻላሉ፤ ጥገኛው ሲሞት ያ ፕሮቲን ቶሎ ይጠፋል።

ከዚህ የባሰው ተቃራኒው ነው፦ ወባ እያለ መስመር አለመውጣቱ። ኤችአርፒ-2ን የሚሠራውን ዘረ መል ያጣ ፋልሲፓረም አለ። ሰውየውን ይጥለዋል፤ ካሴቷ ግን አታየውም። መጀመሪያ ፔሩ ውስጥ ታወቀ፤ በኋላም ኤርትራ ውስጥ ሕመምተኞች ላይ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ የተደረገ ጥናት ደግሞ በዚህ ምክንያት ከፋልሲፓረም ሕሙማን 9.7 በመቶው በካሴቷ ሊታለፉ እንደሚችሉ ገመተ። የዓለም ጤና ድርጅት «ካሴት ቀይሩ» የሚለው 5 በመቶ ሲደርስ ነው።

እንደ ሞያሌ ባለ የድንበር ከተማ ሌላ ጣጣም አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከፋልሲፓረም ሌላ ቫይቫክስ የሚባለው ወባ ብዙ ስለሆነ፣ ጤና ኬላዎች ሁለቱን የሚለይ ካሴት ይጠቀማሉ። ኬንያ ውስጥ ፋልሲፓረም ስለሚያመዝን በብዛት የሚገኘው እሱን ብቻ የሚፈልገው ነው። እንግዲህ ከወዲያ ማዶ ከኢትዮጵያ ቫይቫክስ ይዞ የመጣ ሰው ጎልቦ ላይ ቢመረመር፣ የመቆጣጠሪያዋን የ«ሲ» መስመር ብቻ አይቶ «ነፃ ነኝ» ይላል። ቫይቫክስ ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ይመለሳል፤ የተደበቀውን የሚያጠፋው እንደ ፕሪማኪን ያለ መድኃኒት ነው፤ እሱ ደግሞ ያለ ምርመራ አይታዘዝም።

ያቺ «ሲ» ላይ የምትወጣው መስመርም ብዙዎችን ታታልላለች። «ሲ ወጥቷል፣ ሁሉም ደህና ነው» ይባላል። ሲ የምትለው ፈሳሹ እስከ መጨረሻ መድረሱንና ካሴቷ መሥራቷን ብቻ ነው። ደም ሳይገባ ፈሳሽ ብቻ ቢጨመርም ትወጣለች! ሲ ካልወጣች ግን ካሴቷ ከሽፋለችና ትጣል። የወባዋ መስመር ደብዘዝ ብትልም ወባ አለ ማለት ነው፤ «ትንሽ ወባ» የሚባል ውጤት የለም። ካሴቷን ረስቶ ማታ የሚያነብ ሰውም አለ፤ ከተባለው ጊዜ በኋላ የምትወጣ መስመር አትታመንም።

ስለ ሙቀት ደግሞ ከልቤ ልቆጣ። ካሴቶች ማሸጊያቸው ላይ ከተጻፈው ሙቀት በላይ መቆየት የለባቸውም፤ ባለመደብሮቻችን ግን ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ፀሐይ የሚያገኘው መስታወት ላይ ደርድረዋቸዋል። ማሸጊያውንም አስቀድሞ ቀድዶ የሚያዘጋጅ አይቻለሁ። ውስጡ ያለችው ትንሽ ከረጢት እርጥበት የምትጠጣ ናት፤ ከተከፈተ ወዲያ ሥራዋን ጨርሳለች።

የምርመራው ፍላጎት የሚቀንስ አይመስልም። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው እንግዳ ትንኝ ኬንያ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው እዚሁ ማርሳቢት ካውንቲ፣ ሳኩና ላይሳሚስ ላይ ነው። በውሃ ማጠራቀሚያ በርሜልና ጋን ውስጥ ስለምትራባ ዝናብ አትጠብቅም። ኢትዮጵያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ታይታ፣ በ2022 ድሬዳዋ ላይ ከተነሣው ወረርሽኝ ጋር ስሟ ተነሥቷል። ስለዚህ ጎልቦ ላይ ጣታችሁን ስትሰጡ፣ ካሴቷ የትኛውን ወባ እንደምትፈልግ ጠይቁ፤ ባለፉት ሳምንታት የወባ መድኃኒት ወስዳችሁ ከሆነም ተናገሩ። ውጤቱ ነፃ ብሎ ትኩሳቱ ካልለቀቀ ደግሞ ስላይድ ወዳለበት ሂዱ።