ብዙ ፋይል የተከማቸበት ፎልደር በኔትዎርክ ላይ ስለሚዘገይበት ምክንያት

ብዙ ሰዎች በአንድ ሰርቨር ላይ ያሉትን ፋይሎች በኔትዎርክ ሲጠቀሙ ሥራው አንዳንድ ጊዜ እጅግ ይዘገያል። ምክንያቱ የገመዱ ወይም የሰርቨሩ ማርጀት ነው እየተባለም ለአዲስ ዕቃ ገንዘብ ይወጣል። ነገር ግን ዕቃው ተለውጦም መዘግየቱ የማይወገድበት ጊዜ አለ። እዚህ የምንመረምረው በአንድ ፎልደር ውስጥ እጅግ ብዙ ፋይሎች ሲከማቹ የሚደርሰውን ነው።

ምሳሌ የምናደርገው ሳምባ የተባለውን ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም የሊኑክስ ሰርቨር ለዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች ፋይል እንዲያካፍል ያደርጋል። ሥራውን የጀመረው አንድሩ ትሪጅል በ1991 እ.ኤ.አ. በአውስትራልያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ነው።

ሊኑክስና ዊንዶውስ ስለ ፋይል ስም ያላቸው ሕግ አንድ አይደለም። በላቲን ትልቅ ፊደልና በትንሽ ፊደል የተጻፈውን ያንኑ ስም ሊኑክስ ሁለት ስም አድርጎ ሲቈጥረው፥ ዊንዶውስ ግን አንድ ያደርገዋል። ሳምባ በሁለቱ መካከል እንደ አስተርጓሚ ስለ ሆነ ድካሙ በእርሱ ላይ ይወድቃል። የተጠየቀው ስም ልክ እንደ ተጻፈ ከተገኘ ነገሩ ወዲያው ያልቃል፤ ካልተገኘ ግን በሌላ አጻጻፍ ተቀምጦ እንደ ሆነ ለማወቅ የፎልደሩን ስሞች ሁሉ አንድ በአንድ ያያል።

በእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለም። ሆኖም «ኃይሉ»፥ «ሐይሉ»፥ «ሀይሉ» ተብሎ የሚጻፈውን ስም በተራ ካልተደረደረ መዝገብ የሚፈልግ ጸሐፊ ይህን ድካም ያውቀዋል። ስሙ የለም ለማለት መዝገቡን እስከ መጨረሻው ማንበብ ይኖርበታል። አዲስ ፋይል ሲፈጠርም ስሙ አስቀድሞ ስለሌለ ፍለጋው እስከ መጨረሻው ይሄዳል።

ሒሳቡን እንመልከት። 100,000 ፋይሎች አንድ በአንድ ወደ አንድ ባዶ ፎልደር ቢገቡና ለእያንዳንዱ አንድ ጊዜ ብቻ ቢፈለግ፥ የሚታዩት ስሞች ድምር 4,999,950,000 ይሆናል። እነዚሁ ፋይሎች 1,000 1,000 እየሆኑ በ100 ፎልደሮች ቢከፈሉ ግን ድምሩ 49,950,000 ብቻ ነው፤ ይኸውም ከመቶ አንድ እጅ ያህል ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው መፍትሔ ፋይሎቹን በዓመት ወይም በቍጥር ከፋፍሎ ማስቀመጥ ነው። ይህ የማይቻል ሲሆን ሳምባ ስሞችን ሁሉ በትንሽ ፊደል ብቻ እንዲያስቀምጥና ሌላ አጻጻፍ እንዳይፈልግ በመመሪያው ማዘዝ ይቻላል። ይሁን እንጂ አስቀድሞ የነበሩት ፋይሎች ስማቸው ወደ ትንሽ ፊደል መለወጥ አለበት፤ አለዚያ ትልቅ ፊደል ያለባቸው ፋይሎች ሲጠሩ አይገኙም።

ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ግን ቀላል ፈተና አለ። በዚያው ሰርቨር ላይ አንድ ትንሽ ፋይል በሞላው ፎልደር፥ ሌላውንም በባዶ ፎልደር ፈጥሮ ጊዜውን ማስተያየት ነው። በባዶው ፈጥኖ በሞላው ከዘገየ፥ መመርመር ያለበት ገመዱ ሳይሆን የፋይሎቹ አቀማመጥ ነው።