ሞተር ሲያንኳኳ ባለቤቱ ይስማ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። መኪና ግን በዚህ ነገር ከሰው ትለያለች፤ ሕመሟን ከቶ አትደብቅም። ነዳጅ በተሰጣት ቍጥር ድምፅዋን ለውጣ ታሰማለች። የሚደብቀው ባለቤቷ ነው፤ አንዱ ወጪውን ፈርቶ፥ አንዱ «ነገ አሳያታለሁ» ብሎ፥ ሌላውም የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ አድርጎ ይነዳታል። እኔም ከነዚሁ አንዱ ነበርሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአሮጌዪቱ መኪናዬ ሞተር ጧት ጧት ነዳጅ ስሰጠው «ጠቅ ጠቅ» ይል ጀመር። ጥቂት መንገድ ከተሄደ በኋላ ድምፁ ይቀንስ ስለ ነበር ተራ ነገር መሰለኝ። ከኋላ የሚቀመጡት ልጆቼ ግን መንገድ በሄድን ቍጥር «ራሳችንን አመመን» ማለት አዘወተሩ። ባለቤቴ ሁለቱን ነገሮች አያይዛ «ይህ ድምፅና የልጆቹ ራስ ምታት ሳይገናኙ አይቀሩም» ስትለኝ ሣቅሁባት።

መካኒኩ ኮፋኖውን ከፍቶ በመረመረ ጊዜ ግን፥ የጭስ መውጫው ከሞተሩ ጋራ የሚጋጠምበት ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ጭሱ በዚያ ሲያመልጥ፥ ከወለሉ በታች ያለውም ማርሚታ ዝጎ ተበስቶ አገኘው። በዚህ ጭስ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ አለ። ይህም ቀለምና ሽታ የሌለው፥ ራስን በማሳመም ጀምሮ አእምሮን የሚያስት፥ ሲበዛም የሚገድል ነው። ብረቱ ሲሞቅ ተለጥጦ ክፍተቱን ስለሚያጠበው ድምፁ ቀነሰ እንጂ አደጋው አልቀረም ነበር። በዚያ ሣቄ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ስለዚህ እንግዳ ድምፅ የተሰማ እንደ ሆነ፥ አስቀድሞ ከወዴት እንደሚመጣ መለየት ይገባል። መኪናዪቱን ሜዳ ላይና ነፋስ በሚገባበት ስፍራ አቁሞ፥ የእጅ ፍሬኑን ስቦ፥ ማርሹን ነጻ አድርጎ ነዳጁን ቀስ በቀስ መስጠት ነው። ቆማ ሳለች ድምፁ ከተሰማ፥ ምክንያቱ ሞተሩ ወይም ከሞተሩ ጋራ የሚዞሩት ዕቃዎች ናቸው። ስትሄድ ብቻ የሚሰማና ከጎማው ፍጥነት ጋራ የሚጨምር ከሆነ፥ በጎማና በኩሽኔታ በኩል ይፈለግ። ቆማ ዝም ብላ ዳገት ላይ ብቻ የምታንኳኳ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ሸክም ሲበዛበት የሚያሰማው ነው።

ይህ የዳገት ድምፅ ጠጠር በቆርቆሮ ውስጥ እንደሚንኳኳ ያለ ነው። ቤንዚኑ ከካንዴላው እሳት ተነሥቶ በሥርዐት መንደድ ሲገባው፥ እሳቱ ገና ያልደረሰበት ክፍል ከሙቀቱና ከግፊቱ የተነሣ በድንገት ራሱ ይፈነዳል። ምክንያቱም የቤንዚኑ ኦክቴን ቍጥር ማነስ፥ የካንዴላው እሳት ከጊዜው መቅደም፥ የሞተሩ ከልክ በላይ መሞቅ ወይም በፒስቶኑ ራስ ላይ ጥቀርሻ መከማቸት ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ወደ አዋሽ ቈላ ሲወረድ ግን አየሩ ይወፍራል፥ ሙቀቱም ይበረታል። ስለዚህ በከተማ ዝም ያለች መኪና በቈላ ብታንኳኳ አያስደንቅም። ለጊዜው መፍትሔው ማርሽ ቀንሶ ነዳጁን ማለዘብ ነው። የናፍጣ ሞተር ግን በተፈጥሮው የሚያንኳኳ ስለ ሆነ በዚህ አይፈረድበትም።

ይህን ማንኳኳት ለማጥፋት የሰው ልጅ ብዙ ደክሟል። እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር በ1921 ዓ.ም. የጄኔራል ሞተርስ ተመራማሪዎች እርሳስ ያለበት ቅመም ከቤንዚን ጋራ ሲቀላቀል ድምፁ እንደሚጠፋ አገኙ። ነገር ግን እርሳሱ የሕፃናትን አእምሮ የሚጐዳ ሆኖ ስለ ተገኘ፥ አገሮች አንድ በአንድ ተዉት፤ በ2021 ዓ.ም. አልጄሪያ መሸጡን ስታቆም ለተራ መኪና የሚሸጠው እርሳስ ያለበት ቤንዚን ከዓለም ገበያ ጠፋ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ከሞተሩ ሥር እንደ መዶሻ ከብዶ የሚሰማው ድምፅ ነው። ይህም ፒስቶኑን የሚያያይዘው ቢየላ ብሮንዙ መበላቱን ያመለክታል። የዘይት መብራትም አብሮ ከበራ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይጨምሩ ዳር ይዞ ሞተሩን ማጥፋት ያስፈልጋል፤ ቢየላው ከተሰበረ የሞተሩን አካል ሊበሳው ይችላልና። ከላይ በኩል እንደ ልብስ ስፌት መኪና የሚጠቀጥቅ ከሆነ የቫልቮቹን ክፍተትና የዘይቱን ልክ ማስመርመር ነው። ቀጭን የሲጥሲጥታ ጩኸት ግን ብዙ ጊዜ የላላ ወይም ያረጀ ቺንጋ ነው፤ በርካሽ ይለወጣል።

ሞተሩ ሲዞር ኮፋኖውን ከፍቶ የሚያዳምጥ ሰው ክራቫቱን ወይም ነጠላውን፥ እጁንም ከቺንጋውና ከማራገቢያው ያርቅ። ወደ ጋራዥ ሲሄድም «ትጮኻለች» ብቻ አይበል፤ በብርድ ነው ወይስ በሙቀት፥ በዳገት ነው ወይስ በሜዳ፥ ከላይ ነው ወይስ ከታች፥ ለይቶ ይንገር። ይህን ለይቶ የነገረ ሰው ያለ አስፈላጊ ነገር ሞተር ከማስፈታትና ገንዘብ ከማባከን ይድናል።

ልጆቹን ከኋላ አስቀምጦ የሚነዳም አባት ድምፁን ብቻ ሳይሆን የልጆቹንም ቃል ያዳምጥ። የኔዋን መኪና ሕመም ከመካኒኩ በፊት የነገሩኝ እነርሱ ነበሩ።