ሳትታይ የምትሰማው ትሬሲ ቻፕማን

ልጅዎ ሳሎን መሐል ቆማ ስትዘፍን ቤቱ በሙሉ ጸጥ ቢል መጀመሪያ የሚያነሡት ምንድን ነው? ስልክዎን አይደል? እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ባለፈው ፋሲካ የ10 ዓመቷ የእህቴ ልጅ ከምሳ በኋላ ስትዘፍን ቀረጽኳት፤ ቡናው ቶና ሳይደርስ የቲክቶክ ገጽ ልከፍትላት ስም እየመረጥኩ ነበር። እህቴ ስልኩን ከእጄ ወስዳ «ቆይ እስቲ፣ ምን አስቸኮለህ?» አለችኝ።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። በእኛ ሙያ ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል። ለጥቂት ወራት ማስታወቂያው የጠፋ ምርት ደንበኛው ሌላ ይለምድበታል ብለን ነው የምንሠራው። ስለዚህ ከእህቴ ጋር ብዙ ተከራከርኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሙዚቃ ስከፍት ግን ክርክሬን ድራሹን የሚያጠፋ ሰው መጣብኝ፤ ትሬሲ ቻፕማን። በስም ባያስታውሷት እንኳ ያንን ረጋ ያለ ወፍራም ድምጽና ከሥሩ የሚንቆረቆረውን ጊታር ሲሰሙ ያውቁታል። ታሪኳን ይዤልዎት የመጣሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ዩኩሌሌ የገዙት እናት

ትሬሲ እ.ኤ.አ. ማርች 30 ቀን 1964 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ክሊቭላንድ ከተማ ተወለደች። የአራት ዓመት ልጅ ሳለች ወላጆቿ ተለያዩ፤ እሷንና እህቷን ያሳደጓቸው እናቷ ናቸው። ቤቱ ብዙ የጎደለው ቢሆንም እናቷ የልጃቸውን የሙዚቃ ፍቅር አይተው ገና በሦስት ዓመቷ ዩኩሌሌ ገዙላት። ዩኩሌሌ አራት ክር ያለው ትንሽ ጊታር መሰል መሣሪያ ነው። በስምንት ዓመቷ ጊታር መጫወትና የራሷን ዘፈን መጻፍ ጀመረች። ጊታር ያስወደዳት «ሂ ሃው» የተባለ የካንትሪ ሙዚቃ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ሳይሆን እንዳልቀረ ተናግራለች። ይህቺን ነገር ይያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ቀጥሎ የመጣው የትምህርት ዕድል ነው። ጎበዝ የጥቁር ቤተሰብ ልጆችን ወደ ጥሩ ትምህርት ቤቶች የሚልክ «ኤ ቤተር ቻንስ» የተባለ ድርጅት የነጻ ትምህርት ሰጥቷት ኮኔቲከት ግዛት ወደሚገኝ አዳሪ ትምህርት ቤት ሄደች። እዚያም የትምህርት ቤቱ ቄስ ከተማሪዎችና ከመምህራን ገንዘብ አሰባስበው አዲስ ጊታር ገዙላት። ከዚያ ቦስተን አጠገብ ባለው ተፍትስ ዩኒቨርሲቲ አንትሮፖሎጂ አጠናች፤ ከክፍል ውጪ ደግሞ ጊታሯን ይዛ በሃርቫርድ አደባባይ ለአላፊ አግዳሚው ትዘፍን ነበር።

እዚህ ላይ እንደ ማርኬቲንግ ሰው ያስደነቀኝን ልንገርዎት። በተማሪነቷ ዘፈኖቿን በዩኒቨርሲቲው ሬዲዮ ጣቢያ የቀረጸችው ለዝና ብላ አልነበረም፤ የደራሲነት መብቷን ለማስመዝገብ ነበር። ጣቢያውም በምላሹ ዘፈኖቹን የማሰማት ፈቃድ አገኘ። ገና ማንም ሳያውቃት ሥራዋ የእሷ መሆኑን አስቀድማ አረጋገጠች ማለት ነው። ብራያን ኮፐልማን የተባለ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ስትዘፍን ሰምቶ በሙዚቃ አሳታሚነት ለሚሠሩት አባቱ ነገራቸው። እሷም እ.ኤ.አ. በ1987 ተመርቃ ከኤሌክትራ ሪከርድስ ጋር ተፈራረመች።

የዌምብሊው ምሽት

የመጀመሪያው አልበሟ በኤፕሪል 1988 ወጣ። ጊዜው የሲንተሳይዘርና የአብረቅራቂ ልብስ ዘመን ነበር። እሷ ደግሞ ጥቁር ሸሚዝ ለብሳ፣ ጊታር ይዛ ስለ ድህነትና በቤት ውስጥ ስለሚደርስ ጥቃት ትዘፍናለች። «ፋስት ካር» የተሰኘው ዘፈኗ የሚተርከው ጠጪ አባቷን ለማስታመም ትምህርቷን አቋርጣ፣ ሱቅ ተቀጥራ፣ ከፍቅረኛዋ ጋር በመኪና ከዚያ ሕይወት መውጣት ስለምትመኝ ወጣት ነው። ማናችንም ብንሆን ለእንዲህ ዓይነቱ ምርት ትልቅ በጀት አንመድብም ነበር።

ሰኔ 4 ቀን 1980 ዓ.ም. በለንደኑ ዌምብሊ ስታዲየም ያኔ እስር ላይ ለነበሩት ለኔልሰን ማንዴላ 70ኛ ዓመት የልደት በዓል ታላቅ ኮንሰርት ተዘጋጅቶ ከ60 በላይ አገሮች ውስጥ በቴሌቪዥን ይታይ ነበር። ትሬሲ ቀደም ብላ ድርሻዋን ተጫውታ ወርዳለች። ማምሻውን የሚጠበቀው ስቲቪ ዋንደር ወደ መድረክ ሊወጣ ሲል የሙዚቃ ቅጂዎቹ ያሉበት የኮምፒውተር ዲስክ ጠፋና ሳይጫወት ተመለሰ። ያን ክፍተት ማን ይሙላው? ባንድም፣ ብዙ ዕቃም የማያስፈልጋት እሷ ነበረች። ብቻዋን ወጥታ «ፋስት ካር»ን ዘፈነች። በስታዲየሙ የነበረው ሕዝብ ጸጥ ብሎ አዳመጣት። በቀጣዮቹ ሳምንታት አልበሙ በእንግሊዝም በአሜሪካም የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት ሦስት የግራሚ ሽልማቶችን ወሰደች።

ዕድል ነው ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ዕድል ነው። ያ ዕድል ሲመጣ ግን እጇ ላይ ያለቀለት ሥራ ነበር።

እምቢ ማለትም ሥራ ነው

ከዚያ በኋላ እንደ ሌሎቹ በየመጽሔቱ ሽፋን ላይ አልታየችም። የግል ሕይወቷን ለአደባባይ አላወጣችም። በ20 ዓመታት ውስጥ ስምንት የስቱዲዮ አልበሞችን ብቻ አወጣች፤ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2008 ነበር። በ1997 «ጊቭ ሚ ዋን ሪዝን» በተባለው ዘፈኗ ሌላ ግራሚ አሸነፈች። ከ2009 ጀምሮ የኮንሰርት ጉዞ አላደረገችም።

ዝምታዋን ግን እንደ መዘናጋት የቆጠረ ተሳስቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 ራፐር ኒኪ ሚናዥ የትሬሲን አንድ ዘፈን ተጠቅማ ለሠራችው አዲስ ሥራ ፈቃድ ብትጠይቅ ትሬሲ እምቢ አለች። ዘፈኑ አልበሙ ላይ አልገባም፤ ነገር ግን አፈትልኮ ወጥቶ በሬዲዮ ተሰማ። ትሬሲ ከሰሰች። ፍርድ ቤቱ በስቱዲዮ ውስጥ ለሙከራ መሥራቱ ችግር እንደሌለው ወሰነ፤ የስርጭቱ ጉዳይ ግን ገና ነበር። በመጨረሻ በ2021 መጀመሪያ ላይ ጉዳዩ በ450,000 ዶላር ክፍያ ተዘጋ።

ከ35 ዓመት በኋላ

አሁን ወደ ያቺ የቴሌቪዥን ፕሮግራም እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2023 ሉክ ኮምብስ የተባለ ነጭ የካንትሪ ዘፋኝ «ፋስት ካር»ን እንደ ገና ዘፈነው። ዘፈኑን ያወቀው በልጅነቱ፣ በአባቱ መኪና ውስጥ ነው። የትሬሲ ቅጂ በ1988 በአሜሪካ ቢልቦርድ ሰንጠረዥ ስድስተኛ ደርሶ ነበር፤ የእሱ ሁለተኛ ደረሰ።

እንዲህ ያለ ድጋሚ ቀረጻ ሲሠራ የድምጹ ገቢ ለአዲሱ ዘፋኝ ቢሄድም የግጥምና የዜማ ክፍያው ለደራሲው ይገባል። ደራሲዋ ደግሞ ትሬሲ ብቻ ናት። ከቤቷ ሳትወጣ ዘፈኗ በካንትሪ ሬዲዮ ሰንጠረዥ አንደኛ የሆነ የመጀመሪያዋ ብቸኛ ጥቁር ሴት ደራሲ ሆነች። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር የዓመቱን ምርጥ ዘፈን ሽልማት ሰጣት፤ ሽልማቱ ለጥቁር ደራሲ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነው። በስምንት ዓመቷ በቴሌቪዥን የምታየው ዓለም በ59 ዓመቷ በሩን ከፈተላት።

ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2024 በግራሚ መድረክ ላይ ከኮምብስ ጋር አብራ ቆመች። ጊታሯን ይዛ፣ ፀጉሯ ሸብቶ፣ ፈገግ ብላ። እሱ ከእሷ ዓይኑን ሳይነቅል የዘፈኑን ቃላት አብሯት በከንፈሩ ይል ነበር። ቪዲዮውን ካላዩት ከልጆችዎ ጋር ሆነው ይዩት።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

ከዚህ ታሪክ ለእርስዎ ቤት የሚሆን ሦስት ነገር ወስጃለሁ። አንደኛ፣ ከስልኩ በፊት መሣሪያው ይቅደም። የትሬሲ እናት የገዙላት ታዳሚ ሳይሆን ዩኩሌሌ ነው። ሁለተኛ፣ ልጅዎ የራሷን ግጥም ወይም ዜማ ከሠራች ቀን ጽፈው ያስቀምጡላት። በእኛም አገር በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የአንድ ሥራ መብት የአመንጪው ነው፤ ውል ሲመጣ ሳያነቡ አይፈርሙ። ሦስተኛ፣ እምቢ ማለትን ያስተምሯት። በ10 ዓመቷ ፊቷን ለዓለም የሰጠናት ልጅ በ20 ዓመቷ መልሳ ልትወስደው አትችልም።

ሙያዬን አልካድኩም፤ ጥሩ ሥራ ይታይ ዘንድ ዛሬም እደክማለሁ። ነገር ግን መታየት ለሥራው መንገድ ነው እንጂ ሥራውን አይተካም።

የእህቴ ልጅ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ክራር ትማራለች። ክራሩን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ የተሸነፍኩበት ክርክር ካሳ ይሁን ብዬ። የፋሲካው ቪዲዮ ስልኬ ውስጥ አለ። 18 ዓመት ሲሞላት እሰጣታለሁ፤ ለሰው ማሳየትም ማጥፋትም የእሷ ፈንታ ነው።