ቱፓክ እስር ቤት ሳለ አንደኛ የወጣው አልበም

ከልጆቻችሁ ክፍል ከበድ ያለ ምትና ቶሎ ቶሎ የሚናገር የወንድ ድምፅ ሲወጣ «ይህ ደግሞ ምን ዓይነት ዘፈን ነው?» ብላችሁ ታውቁ ይሆናል። ዛሬ አንድ አልበም ይዤ ላስረዳችሁ። የአሜሪካዊው ራፐር የቱፓክ ሻኩር «ሚ አጌንስት ዘ ወርልድ» ነው። ዓለም በአንድ ወገን፣ እኔ ብቻዬን በሌላው እንደ ማለት ነው። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አልበሙ ጋንግስታ ራፕ ከሚባለው ወገን ነው። ይህ ዓይነት በ1980ዎቹ መጨረሻ በተለይ በሎስ አንጀለስና በአካባቢዋ ጎልቶ ወጣ። ያኔ ክራክ የሚባለው ርካሽ ኮኬይን ድሃ የጥቁር ሰፈሮችን አጥለቅልቆ ነበር። ወጣቱ በወንበዴ ቡድን ተከፋፍሎ ይጋደላል፤ ፖሊስም በኃይል ይገባል። ራፐሩ ይህን ሁሉ «እኔ» እያለ ይናገራል። ስድብና ዛቻ አለው፤ ስለ ሴቶች የሚባለውም ለጆሮ የሚከብድ ነው። በአገራችን ፉከራ የሰማ ሰው ግን «እኔ ገዳይ» ያለ ሁሉ ገዳይ እንዳልሆነ ያውቃል። ራፕም የራሱ ፉከራ አለው።

የቱፓክ ፉከራ ግን መሐል ላይ ይሰበራል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ሕይወቱን ማወቅ ይጠቅማል። እናቱ አፌኒ ሻኩር የብላክ ፓንተር ፓርቲ አባል ነበረች። በቦምብ ሴራ ተከሳ፣ እርጉዝ ሆና፣ ያለ ጠበቃ ራሷ ተከራክራ በሜይ 1971 ከክሱ ሁሉ ነጻ ወጣች። ልጇ የተወለደው በሚቀጥለው ወር ኒውዮርክ ነው። በድህነት፣ ከቦታ ቦታ እየተዘዋወረ አደገ። ባልቲሞር በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ትያትርና ግጥም ተማረ። እናቱ ግን ኋላ በክራክ ሱስ ተያዘች።

በኖቬምበር 1994 ማንሃተን ውስጥ በአንድ ስቱዲዮ ሕንፃ መግቢያ ላይ አምስት ጊዜ በጥይት ተመታ። በማግስቱ በተሽከርካሪ ወንበር ፍርድ ቤት ቀረበ፤ በአንዲት ሴት ላይ በፈጸመው ወሲባዊ ጥቃትም ጥፋተኛ ተባለ። ይህን ሸፋፍኜ ላልፈው አልፈልግም። ዘፈኖቹን ከመታሰሩ በፊት ቀድቷቸው ነበር። አልበሙ በማርች 1995 ሲወጣ እሱ እስር ቤት ነበር፤ በቢልቦርድ የአልበሞች ሰንጠረዥም ወዲያው አንደኛ ሆነ። እስር ቤት ሳለ አልበሙ አንደኛ የሆነለት የመጀመሪያው አርቲስት እሱ ነው።

እኔን በሬድዮ ሰውነቴ የነካኝ አከፋፈቱ ነው። አልበሙ የሚጀምረው የቱፓክን መመታትና ፍርድ በሚያወሩ የዜና አንባቢዎች ድምፅ ነው። ከዚያ ሌሎች ሲያወሩለት የነበረው ሰው ራሱ መናገር ይጀምራል። የዘፈኖቹን ርዕስ ብቻ እዩ፦ «ዛሬ ማታ ብሞት»፣ «ብዙ እንባ»፣ «ሞት ጥጉ ላይ ነው»። የሚዝተው ሰው ራሱ የሞቱ ጓደኞቹን ያስባል፤ የሚቀጥለው እኔ እሆን ይሆን እያለ ይፈራል። አልበሙን ከተራ ዛቻ የሚለየው ይህ ፍርሃት ነው።

ከሁሉም የታወቀው ለእናቱ የዘፈነው «ዲር ማማ» ነው። በእኛ ዘንድ የቤት ገበና አደባባይ አይወጣም። እሱ ግን የእናቱን ሱስ ሳይደብቅ ይናገራል፤ እዚያው ላይ ብቻዋን ስላሳደገችው ያመሰግናታል። እናቱን ሊያዋርዳት አልነበረም፤ ችግሯን ሳያውቁ ክብሯ አይገባም ብሎ ይመስለኛል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2010 ይህን ዘፈን ለትውልድ ተጠብቀው ከሚቆዩ ቅጂዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል።

ቱፓክ በኦክቶበር 1995 በዋስ ተለቀቀ። ዓመት ሳይሞላው፣ በሴፕቴምበር 1996 ላስ ቬጋስ ውስጥ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ሃያ አምስት ዓመቱ ነበር። ያ ፍርሃት የዘፈን ማሳመሪያ አልነበረም።

ወላጆች፣ የአልበሙ ሽፋን ላይ ለወላጆች የተጻፈ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ለታናናሾቹ ልጆች እንዳይሆን እኔም እመክራለሁ። ትልልቆቹን ግን «አጥፋው!» ከማለታችሁ በፊት «ዲር ማማ»ን ክፈትልኝ፣ ቁጭ ብለህም በአማርኛ ተርጉምልኝ በሉት። ስድቡን ለመተርጎም ሲያፍር ታዩታላችሁ። ስለ እናት የሚለው ጋ ሲደርስ ደግሞ ምን እንደሚል ስሙት።