የሩጫ ዓመት ከኅዳር ወደ ኋላ ይቆጠራል
አዲስ የልምምድ ዓመት ሲጀመር የማሠለጥናቸውን ሯጮች መጀመሪያ የምጠይቀው «ዘንድሮ ሙሉ ኃይላችሁን የምትሰጡት ለየትኛው ውድድር ነው?» ብዬ ነው። ለብዙ አዲስ አበቤ መልሱ በ1994 ዓ.ም. የተጀመረው፣ ኅዳር ላይ የሚካሄደው የ10 ኪሎ ሜትር ታላቁ ሩጫ ነው። ከዚያ 12 ሳምንት ወደ ኋላ ስትቆጥሩ ነሐሴ ላይ ታርፋላችሁ፤ ዝግጅቱ የሚጀመረው በክረምቱ ጭቃ ነው።

ያኔ እንጦጦ ጫካ ውስጥ ሰዓት አትዩ። መሬቱ ያንሸራትታል፣ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል፤ እያወራችሁ መሮጥ በምትችሉበት ፍጥነት ብቻ ሩጡ። ዳገቱ እግር ያጠነክራል፤ ጉልበት የሚጎዳው ቁልቁለቱ ነውና በአጭር እርምጃ ውረዱ።

ከኅዳር በኋላ ሁለት ሳምንት እረፉ። ሌሎቹን ውድድሮች እንደ ልምምድ ቁጠሯቸው። በየወሩ ኃይሉን ሲጨርስ ከርሞ ኅዳር ላይ በጉዳት የቀረ ሯጭ ነበረኝ፤ ቀድሜ ባለማስቆሜ እስካሁን ይቆጨኛል።