ከብት የተወው ሣር

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወጣው መንገድ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፎ አምቦ ሲደርስ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዟል። አገሩ ውሃ የሚለያይበት ከፍታ ነው፤ አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተራሮች ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ሲወርድ፣ ጉደር ደግሞ ወደ ዓባይ ያቀናል። የደንዲና የወንጪ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ አናት ላይ ተኝተዋል፤ የጭልሞ ደን ጥዱን፣ ዝግባውንና ወይራውን ይዞ ቆሟል፤ ክረምቱ ሲወጣ ኑጉና አደዩ ሜዳውን ቢጫ ያለብሱታል። እንዲህ ያለ አገር ባለጥበቦቹን ያስተምራል ቢባል የሚገረም የለም። የሚያከራክረው እንዴት ያስተምራል የሚለው ነው። ብዙ ሰው መልሱን በሸራ ላይ ይፈልጋል፤ ተራራ የሣለ፣ ወፍ የሣለ፣ አበባ የሣለ ሠዓሊ ያፈላልጋል። በምዕራብ ሸዋ ተፈጥሮን ከሁሉ አጥብቀው ከሚያውቁት ጥበቦች አንዱ ግን ዛፍም ወፍም አይሥልም። እሱም ስፌት ነው፦ መሶቡ፣ ሰፌዱ፣ ሙዳዩ፣ አገልግሉ። ሰፊዋ ከተፈጥሮ የምትወስደው በመጀመሪያ ጠባይን ነው፤ መልክ ኋላ ይመጣል። ይህን ለማሳየት ከሣሩ መነሣት ይሻላል።

ስፌት የሚቆመው በተለይ በሁለት ሣሮች ላይ ነው፦ በአክርማና በስንደዶ። አክርማ በሳይንስ ስሙ ኤሉዚን ፍሎክሲፎሊያ ይባላል፤ የዳጉሳ የቅርብ ዘመድ ነው። ቅጠሉ ጠንካራና ጭረታም ሲሆን ጠርዙ ላይ እዚህም እዚያም ነጫጭ የጸጉር ጉንጉን ይታይበታል። ከብት አይወደውም። ሜዳው ከመጠን በላይ ሲጋጥ ለስላሳው ሣር ያልቅና አክርማው ብቻውን ይንሰራፋል፤ ስለዚህ የግጦሽ ባለሙያ አክርማ የበዛበትን መስክ ሲያይ መስኩ እንደተጎዳ ይረዳል። ስንደዶ ደግሞ ከዝሆን ሣር ጋር የሚዛመድ፣ ከአንድ ሥር ብዙ አገዳ አውጥቶ የሚቆም ረጅም ሣር ነው፤ የሚገኘውም ባልታረሰ ዳርቻና በእርሻ ድንበር ላይ ነው። እንግዲህ አንድን ሣር ሦስት ዓይን ያየዋል። እረኛው ከብቶቹ እንደማይበሉት ያያል፤ ገበሬው የእርሻውን ዳር እንደያዘበት ያያል፤ ሰፊዋ ግን ሳይበጠስ እንደሚታጠፍ ታያለች። ላሟን ያሸሻት ጥንካሬ ሰፊዋን የሳባት ጥንካሬ ነው። ለሁሉም ክፍት በሆነ መስክ ላይ ሌላው የተወውን ለይቶ ማንሣት ከየትኛውም ጌጥ በፊት የሚመጣ የጥበብ ሥራ ነው።

ከመምረጥ ቀጥሎ ጊዜ መጠበቅ አለ። ስንደዶ የሚለቀመው ክረምቱ ሲወጣ፣ አገዳው ከረዘመ በኋላ ግን ፀሐይ ሳያደርቀው ነው፤ የቸኮለ ሰው የሚጨማተር ሣር፣ የዘገየ ሰው የሚሰባበር ሣር ይዞ ይመለሳል። የተለቀመው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ በቀለም የሚነከረውም ይነከራል፤ ቀለም የገባው ሣር አለላ ይባላል። ሲሰፋ እንዲለሰልስ እንደገና በውሃ ይርሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ዘዴ ለመናገር ቀላል ነው። ጥቂት ሣር በአንድነት ተይዞ እንደ ገመድ ይጠቀለላል፤ ሌላ ሣር በላዩ ይዞርበታል፤ በወስፌ ያለፈው ዙር ይበሳና የሚጠቀለለው ሣር በቀዳዳው ገብቶ ይጠበቃል። ከመሐል የተጀመረው ጥቅል እንደ ቀንድ አውጣ ቤት እየዞረ ይሰፋል። ሰፌድ እንዲዘረጋ በየዙሩ ስፌት መጨመር፣ የመሶብ ክዳን ወደ ላይ እንዲሾል መቀነስ ግድ ነው። አንድ ዙር ላይ የተረሳ ስፌት ከጥቂት ዙር በኋላ ዕቃውን ያጣምመዋል። በወረቀት ላይ ንድፍ የለም፤ ልኩ ያለው በጣትና በዓይን መካከል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል። ስፌት ላይ የሚታየው ሦስት ማዕዘን፣ መስቀልኛና ሰያፍ መስመር ነው፤ ይህ ሒሳብ እንጂ ተፈጥሮ አይደለም ይባላል። ተቃውሞው ግማሽ እውነት ይዟል። ሰፊዋ አደይ አበባን አይታ ቀዳች ብሎ መናገር ማስረጃ የሌለው ማሳመር ነው፤ ከመሐል ወደ ዳር የሚፈነጥቅ ጌጥ ሁሉ አበባ አይደለም። ጌጡ ቅርጹን የሚያገኘው ከአሠራሩ ነው። ጥቅሉ ክብ ስለሆነ ጌጡ ክቡን እኩል መክፈል አለበት፤ እያንዳንዱ ዙር በሌላው ላይ ስለሚደረደር ሰያፉ መስመር እንደ ደረጃ እየተቆራረጠ ይወጣል። በሰሜን አሜሪካ የሆፒ ሕዝብ ሴቶችም ከኛ ጋር ሳይገናኙ በዚሁ ዓይነት ጥቅል ይሰፋሉ፤ የእነሱም ጌጥ ከመሐል ይፈነጥቃል። ልዩነቱ እነሱ ዩካ የተባለውን የበረሃ ተክልና የደረቅ አገራቸውን ሣር መያዛቸው፣ እኛ ዘንድ አክርማና ስንደዶ መሆኑ ነው። ይህ ምሳሌ ክርክሩን ያጠናክረዋል። ቅርጹ የሰው ሁሉ ሊሆን ይችላል፤ የሣሩ ዕውቀት ግን የአገር ነው። ከዚህም ሌላ ጌጡ ምን ያህል ሊረቅቅ እንደሚችል የሚወስነው የሣሩ ውፍረት ነው። ከአንድ የሣር ስንጣቂ ያነሰ ነጥብ በስፌት ላይ ሊኖር አይችልም፤ ሒሳቡ ራሱ የሚቆጠረው በሣር ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስለ ቀለም ነው። ዛሬ አለላ የሚነከርበት ደማቁ ሐምራዊ፣ ቀይና አረንጓዴ በብዛት ከገበያ የተገዛ ዱቄት ነው፤ ታዲያ ከፋብሪካ በመጣ ቀለም የተሠራ ዕቃ ከተፈጥሮ ተማረ እንዴት ይባላል? ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ስፌቱን ልብ ብሎ ያየ ሰው ቀለሙ የሚናገረው ያልተነከረው ሣር ስላለ መሆኑን ያስተውላል። ገለባ መሳዩ ፈዛዛ ቢጫ ለጌጡ ሁሉ መሬት ሆኖ ያገለግላል። ቀለሙንም የሚቀበለው ሣሩ እንደ ጠባዩ ነው፤ ለስላሳው የአገዳ ገጽ ያብረቀርቃል፣ ሻካራው ያደበዝዛል። የዱቄቱ መምጣት የሰፊዋን ምርጫ አስፍቶላት ሊሆን ይችላል፤ ሣሩን የማወቅ ግዴታዋን ግን አልቀነሰላትም። ሠዓሊ ቀለሙን ከሱቅ ስለገዛ ሥዕሉ የሱቁ እንደማይሆን ሁሉ ስፌትም እንደዚያው ነው።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ስፌት የቤት ሙያ እንጂ ጥበብ አይደለም የሚለው ነው። አምቦ በጥበብ ስሟ ሲነሣ የሚጠሩት የቃል ሰዎች ናቸው። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም በአምቦ አቅራቢያ ቦዳ በሚባል ስፍራ ተወለደ፤ የታወቀው የግጥም መድበሉ ስም ራሱ «እሳት ወይ አበባ» ነው። ሃጫሉ ሁንዴሳ እዚያው አምቦ ተወልዶ በልጅነቱ ከብት ሲጠብቅ ያደገ ዘፋኝ ነበር፤ የመጀመሪያ አልበሙን «ሳኚ ሞቲ» ሲል «ሳኚ» በአፋን ኦሮሞ ዘር ማለት ነው። ሁለቱም ለሥራቸው ስም የሚሆን ቃል ከመስኩና ከእርሻው አልራቀባቸውም፤ ማንም ግን አበባንና ዘርን ስለጠሩ ጥበበኛነታቸውን አይጠራጠርም። ሰፊዋ በቃል ፈንታ አገዳውን ራሱን ይዛለች። ልዩነቱ የስም ነው፤ ግጥሙና ዘፈኑ ባለቤት ሲኖራቸው መሶቡ የለውም። በየሙዚየሙ የተቀመጠ ስፌት አብዛኛውን ጊዜ የመጣበት አገርና ሕዝብ ይጻፍበታል እንጂ የሰፋችው ሴት አትጻፍም። ጥቅም ላይ መዋሉም ጥበብነቱን አይነጥቀውም። ስም ያልተጻፈበት ሥራ ሁሉ ጥበብ ካልሆነ የላሊበላ ጠራቢዎችም ከጥበብ ይወጣሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ይህን ሙያ ስናወድስ ድካሙን መርሳት የለብንም፤ በጣት መድማትና በወገብ ሕመም የሚወጣ ሥራ ነው። ጥበብ ነው ካልን ዋጋው የጥበብ ዋጋ ይሁን፤ በአምቦ የቅዳሜ ገበያ የወራት ሥራ በፕላስቲክ ሳህን ዋጋ እየተመተረ አድናቆት ብቻ መስጠት ፌዝ ነው።

ፕላስቲክ ከተነሣ አይቀር፣ ርካሹና የማይሰበረው ካለ ሣሩ ለምን ያስፈልጋል የሚል ይኖራል። መልሱን እንጀራው ይሰጣል። ትኩስ እንጀራ በተዘጋ ፕላስቲክ ውስጥ ያልበዋል፤ ላቡ መውጫ ስለሌለው ተመልሶ ይረጥበዋል፣ ቶሎም ይሻግታል። በስፌት መሶብ ውስጥ ግን ሣሩ እርጥበቱን በጥቂቱ ይቀበላል፣ በዙሩና በዙሩ መካከል አየር ይሾልካል፤ እንጀራውም ሳይደርቅ ሳይርስ ይቆያል። አገልግል በቆዳ የሚለበጠው፣ የመሶብ እግርም በቆዳ የሚጠረዘው ሣር የሚችለውንና የማይችለውን ያወቀ ሰው ስላሰበበት ነው፤ መሬት የሚነካውንና የሚጋጨውን ቦታ ለቆዳ ትቶ ሣሩን ለሚያውቀው ሥራ አቆየው። ሣር በዚህ አገር ከቤት ዕቃም አልፎ ይከበራል። በኢሬቻ ምስጋና ሰው ወደ ውሃ የሚወርደው እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ነው፤ ቡና ሲፈላ ቄጤማ ይጎዘጎዛል። በዚህ ባህል ውስጥ ላደገች እጅ ሣር ተራ ነገር ሊሆንባት አይችልም።

እንግዲህ ጥበቡ በሣሩ ዕውቀት ላይ ከቆመ፣ የሚያሰጋውም ከሣሩ ወገን የሚመጣው ነው። ስለ ዕደ ጥበብ መጥፋት ሲወራ ጣቱ ወዲያው ወደ ወጣቶቹ ይቀሰራል፤ ሴቶቹ ልጆች መስፋት ጠሉ ይባላል። ይህ በከፊል እውነት ቢሆንም መስኩን ማየት ይቀድማል። በጊንጪ ዙሪያ ያለው ጥቁር መረሬ አፈር በክረምት ውሃ ስለሚቋጥር ከፊሉ ለሣር ይተው ነበር፤ ሕዝብ ሲበዛና ውሃውን ማንጣፈፍ ሲለመድ ማረሻ ገባበት። በየኮረብታው ባሕር ዛፍ ተተክሏል። ሆለታ ላይ ለውጭ ገበያ የሚላክ ጽጌረዳ በፕላስቲክ ቤት ይለማል። ማናቸውም ለብቻቸው በደል አይደሉም፤ ገበሬው መብላት፣ ሠራተኛውም ደመወዝ ማግኘት አለበት። ነገር ግን ድንበሩና ዳርቻው ሲጠብ የሚጠፋው የማንም ያልነበረው፣ ስለዚህም ማንም የማይከራከርለት ስንደዶ ነው።

አክርማ ከብት የማይበላው፣ መስክ ሲጎዳ እንኳ የሚበዛ ሣር ከሆነ አይጠፋም የሚል ይመልስልኝ ይሆናል። ግጦሽ አያጠፋውም፤ ማረሻ ግን ከሥሩ ይነቅለዋል፣ ቤት የተሠራበት ቦታም አያበቅለውም። ስንደዶ ደግሞ ያ መከላከያ የለውም። ስለዚህ ስፌትን ለማቆየት ሥልጠናና ኤግዚቢሽን ብቻ አይበቃም፤ ሣሩ እንደ ሰብል መታሰብ አለበት። ለዚህ የሚሆን ዕውቀት በአካባቢው አለ። የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ሥሩ በ1939 ዓ.ም የተከፈተ የእርሻ ትምህርት ቤት ነው፤ ሆለታም የግብርና ምርምር ማዕከል አላት። ለከብት የሚሆን ሣር ለማጥናት የዋለ ዕውቀት ለመሶብ የሚሆነውንም ለማጥናት ያንሳል ብዬ አላምንም፤ በእርከንና በቦይ ዳር ስንደዶ ቢተከል አፈሩንም ይይዛል፣ ለሰፊዋም ይደርሳል። ጭልሞ ላይ ነዋሪው በማኅበር ተደራጅቶ ደኑን ሲጠብቅ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ለደን የሆነው ለሣር የማይሆንበት ምክንያት የለም። ከአንባቢ የሚጠበቀው ደግሞ ከዚህ ቀላል ነው። መሶብ ስትገዙ ዋጋውን ከመከራከራችሁ በፊት ሣሩ ከየት እንደተለቀመ ጠይቁ፤ የሰፋችውንም ሴት ስም ጠይቃችሁ ከክዳኑ ሥር ጻፉት።